አሥራ አንድ ቃል

ሰባ ሁለቱን የግንብ ደረጃዎች ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ስወርድ ባርኔጣዬ ወደቀ፤ ላነሳው አልቆምኩም። ወረቀቷን በጥርሴ ነክሻታለሁ፤ በአንድ እጄ ግድግዳውን እየዳበስኩ በሌላው ቀበቶዬን ይዣለሁ። ደረጃው ጠመዝማዛና ጨለማ ስለሆነ የሮጠበት ሁሉ አንድ ቀን ይወድቅበታል ይባል ነበር። የእኔ ቀን ዛሬ እንዳይሆን ብቻ እየለመንኩ ወረድኩ።

በክፍለ ጦሩ ውስጥ እውነተኛ ስሜን የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው አሥር አለቃ ጥቅሻ ነው የሚለኝ። ምን ይበሉኝ፣ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መጥቀስ ነው! ጠላት የቴሌግራፉን ሽቦ ከቆረጠው ወዲህ ከተማችን ከውጭው ዓለም ጋር የምትነጋገረው በግንቡ አናት ላይ በተተከለው መስታወት ነበር። ፀሐይዋን በመስታወቱ ይዤ ወደ ማዶ እልካታለሁ፤ ፊቱ ላይ ያለውን መዝጊያ ከፈት ዘጋ እያደረግኩ ብርሃኑን አጭርና ረጅም ብልጭታ አድርጌ እቆራርጠዋለሁ። ከብልጭታው ፊደል፣ ከፊደሉ ቃል ይወጣል። ሲቀናኝ በደቂቃ አራት ቃል ይሄድልኛል። ፀሐይ ከሌለች ግን እኔም፣ መስታወቱም፣ ማዕረጌም ዋጋ የለንም።

በጥርሴ የያዝኳት ወረቀት ከሰሜኑ የተራራ ጣቢያ አሁን የተቀበልኳት ናት። ከማዕድን መንደሩ የሸሹት ሰዎች ጋሪዎቻቸው ጭቃ ላይ ተሰብረውባቸው ዘግይተዋል፤ ሁለት መቶ ናቸው፤ ድልድዩ ጋ የሚደርሱት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው ትላለች። ድልድዩ ደግሞ ፀሐይ እንደጠለቀች በባሩድ እንዲፈርስ ታዟል። ጠላት ከሰዎቹ ጀርባ እየመጣ ስለሆነ ድልድዩ መፍረሱ አይቀርም፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነው። የሰሜኑ ጣቢያ ድልድዩን አያይም። ድልድዩን የሚጠብቀው ሻለቃም ጋሪዎቹን አያይም። የሁለቱንም መስታወት የምናየው እኛ ብቻ ነን። ፈረሰኛ ቢላክ ሌሊቱን ሙሉ ጋልቦ ጠዋት ነው የሚደርሰው።

ከሁለት መቶዎቹ አንዷ ሚስቴ ናት። ልትወልድ እናቷ ቤት እንደሄደች ጦርነቱ እዚያው ያዛት። የሰባት ወር ልጄን ገና አላየሁትም።

ጊዜው አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ያለን አንድ ሰዓት ነው።

አገረ ገዥው ወደ ጦር ግንባር ስለሄዱ በቤተ መንግሥቱ የሚያዝዘው ዋና ጸሐፊው ነበር። ከፊቱ ሲሆኑ "ክቡር ዋና ጸሐፊ" ይሉታል፤ ከጀርባው ግን ዳንቴል ነበር የሚባለው፣ የሚጽፈው ሁሉ ጥልፍልፍና ቀዳዳ የበዛበት ነው ለማለት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። ወረቀቷን ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ግን ወንበሩን ስቦ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣ የብረት ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

"ክቡር ዋና ጸሐፊ፣ ፀሐይዋ እኮ..."

"አውቃለሁ አሥር አለቃ። እየጻፍኩ ነው።"

ቆሜ ጠበቅኩት። ጻፈ፣ ቀና ብሎ አሰበ፣ ጻፈ። የብዕሩ መንጫጫት ጥርሴን አንቀጫቀጨው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ጽፎ ሲያበቃ ወረቀቱ ፊትና ጀርባው ሞልቷል። በዐይኔ ቆጠርኩት፤ ይህም የሙያዬ ልክፍት ነው። መቶ ሰባ ቃል።

"ክቡር ዋና ጸሐፊ፣ ይኼ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ማዶ ያሉት ደግሞ በደንቡ መሠረት መልሰው ይልኩልናል፣ ስህተት እንዳይኖር። ሁለት ጊዜ አርባ ማለት ነው።"

"ማዕረጉ ካልተሟላ ሻለቃው አይታዘዝም" አለኝ። "ደብዳቤውን እኔው ነኝ የበተንኩት።"

እውነቱን ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠላት አንዱን መስታወታችንን ማርኮ "ቦታችሁን ልቀቁ" የሚል የሐሰት ትእዛዝ ልኮ አንድ ሻምበል ጦር አስፈጅቶብናል። ከዚያ በኋላ ሙሉ ማዕረግና ሰላምታ የሌለው መልእክት ሁሉ እንደ ጠላት ቃል እንዲቆጠር ለጣቢያዎቹ ተጽፏል። ጠላት የእኛን ማዕረግ ከነዝርዝሩ አያውቀውም ተብሎ ነው። እኛም ብንሆን ሳንሳሳት የምናውቀው ጥቂቶች ነበርን።

ደረጃውን ተመልሼ ወጣሁ። ዋና ጸሐፊው ከኋላዬ እያለከለከ ተከተለኝ፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ የመልእክት መዝገቡን በደረቱ አቅፎ ጋሼ ቁንጣሪ ይመጣል። ከመስታወቱ የሚወጣ ቃል ሁሉ እየተላከ ሳለ በመዝገብ መገልበጥ አለበትና።

ስለ ጋሼ ቁንጣሪ ትንሽ ልበል። በአንድ ወቅት የቤተ መንግሥቱ የመጀመሪያ ጸሐፊ እሱ ነበር። የጎረቤቱ አገረ ገዥ ልጁን ሲድር የጥሪውን መልስ ጻፍ ተብሎ "ደስ ብሎናል። እንመጣለን።" ብሎ ጻፈና አረፈው። ጌታው "ለሠርግ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይላካል? ጨው ነው እንዴ የምትቆነጥረው?" ብለው ወደ ገልባጮች ክፍል አወረዱት፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው ቀረበት። ሃያ ዓመት የሌላውን ሰው ዳንቴል ሲገለብጥ ኖረ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ግን ከመስኮቱ ሥር ወታደሩ ይሰለፋል። አንዱ መጥቶ "ጋሼ፣ ለእናቴ ብዙ ነገር ይጻፉልኝ" ይላል። ጋሼ ቁንጣሪ "አንድ ነገር ብቻ ንገራት ብትባል ምን ትላታለህ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ወታደሩ ያስባል፣ ያስባል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል፤ የሚጽፈው ያችኑ ነው። እኔም ለሚስቴ የሚሄደውን የማስጽፈው እሱን ነበር። በአንድ ጫፉ ሰማያዊ በሌላው ቀይ የሆነ እርሳስ ከጆሮው ላይ አይለይም። ሰማያዊው ለመጻፍ ነው፣ ቀዩ ለመሰረዝ፤ ቶሎ የሚያልቅበትም ቀዩ ነበር።

ግንቡ አናት ላይ አማቼ፣ የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ ዐይኑን ከትልቁ አቅርቦ ማያ መነጽር ላይ ሳይነቅል ይጠብቀናል። የእሱ ሥራ ማዶ የሚታየውን ብልጭታ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ሃምሳ አለቃ ስለሆነ በማዕረግ ይበልጠኛል፤ እህቱን ያገባሁ ዕለት ግን "ከዛሬ ጀምሮ የቤት ውስጥ ማዕረግ የለንም" ብሎኛል።

"ፍጠን አማቼ" አለኝ። እሱም እኮ እህቱ ናት።

ፀሐይዋ ከጀርባችን ስለሆነች በሁለት መስታወት ነበር የምንሠራው፤ አንዱ ይቀበላታል፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ይመልሳታል። አስተካከልኩና መዝጊያውን መታሁ። ዋና ጸሐፊው ቃል በቃል ያነብልኛል።

"ከምሥራቁ አውራጃ ባለ ሙሉ ሥልጣን፣ ከሕግ ጠባቂው፣ ከድሆች መከታ፣ ከክቡር አገረ ገዥው ዋና ጽሕፈት ቤት..."

መታሁ። አንጓዬ እስኪዝል መታሁ።

"ለጀግናው፣ ለታማኙ፣ በጦር ሜዳ ላልተበገረው የድልድይ ጦር አዛዥ፣ ለክቡር ሻለቃ..."

አማቼ በጥርሱ መሃል የሆነ ነገር አጉረመረመ። መንፈሳዊ ነገር አልነበረም።

"በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ የክቡርነትዎንና የመላው ሠራዊትዎን ጤንነት..."

እዚህ ላይ መስታወቱ ጠቆረ።

ቀና ብዬ አየሁ። ከየት እንደመጣ ያላየነው ደመና ፀሐይዋ ላይ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ስመታ ቆይቼ ማዶ የደረሰው ማዕረግና ሰላምታ ብቻ ነው። ነገሩ ራሱ፣ ድልድዩ፣ ሰዎቹ፣ ሰዓቱ፣ አንዱም አልሄደም።

ማዶ ግን ፀሐይ ነበረቻቸው። ብልጭ ብልጭ አሉ። አማቼ አነበበ።

"ደህና ነን ይላሉ። እናንተስ ደህና ናችሁ?"

እስከ ዛሬ ያን ሳስታውስ ልስቅ ወይስ ላለቅስ እንደሆነ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ጮኽኩ። በማን ላይ እንደጮኽኩ ራሴም አላውቅም፤ ዋና ጸሐፊ ፊት መጮህ ምን እንደሚያስከትል ጠፍቶኝ አይደለም። እሱም አልተቆጣኝም። ወረቀቱን እንደያዘ ደርቆ ቀርቶ ነበር። ነገሩ የሚጀምረው በጀርባው ገጽ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር።

ጋሼ ቁንጣሪ መዝገቡን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ።

"ክቡር ዋና ጸሐፊ፣ ደመናው እስኪያልፍ እኔ ልሞክረው?"

ዋና ጸሐፊው ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። አይሆንም አላለምና ሽማግሌው ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ጻፈ። በትከሻው ላይ አጎንብሼ አየሁት። በመጀመሪያ የጻፈው እንደማንኛውም ሰው ነበር፦ ከማዕድን መንደር የመጡ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ጋሪዎቻቸው ስለተሰበሩ ዘግይተዋልና እስኪሻገሩ ድረስ ድልድዩ እንዳይፈርስ የሚል። ከዚያ እርሳሱን ገለበጠው። በቀዩ ጫፍ "ከማዕድን መንደር የመጡ" የሚለውን ሰረዘ። "ጋሪዎቻቸው ስለተሰበሩ" የሚለውን ሰረዘ።

"ለምን እንደዘገዩማ ካልተነገረው..." አልኩት።

"ነገ ራሳቸውን ይጠይቃቸው።"

"ያህል" የምትለዋንም አወጣት። የመጨረሻውን ወደ ፊት አመጣው። በሰማያዊው እንደገና ጻፈውና አሳየን።

ድልድዩን አያፍርሱ። ሁለት መቶ ሰዎች አልተሻገሩም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይደርሳሉ። ይጠብቋቸው።

አሥራ አንድ ቃል።

"ነገሩ ከፊት ሆኗል" አለ ጋሼ ቁንጣሪ፣ ለማስረዳት ያህል። "ደመናው ሁለተኛ ቢመጣና በየትኛውም ቦታ ቢቆርጠን የሄደው ይበቃል። የመጀመሪያዋ ብቻ ብትደርስ እንኳ እጁን ይሰበስባል።"

አየሁት፤ እውነት ነው። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች እያንዳንዳቸው የመጨረሻ ቢሆኑም ሰው እንዲያድኑ ሆነው ተደርድረዋል። ሃያ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሲገለብጥ የኖረ እጅ ይህን በሁለት ደቂቃ ሠራው። ያኔ ግን ለማድነቅ ልብ አልነበረኝም።

"ጋሼ፣ ሚስቴና ልጄ አሉበት ብለው ያክሉልኝ። ሻለቃው ያውቀኛል። አንጀቱ ይራራ ይሆናል።"

ቀና ብሎ አየኝ። ዐይኑ ደግ ነበር፤ ቃሉ ግን አልተነቃነቀም።

"ከሁለት መቶው ውስጥ ናቸው ልጄ። ቆጥሬያቸዋለሁ።"

ጠላሁት። እውነቱን ልናገር፣ ለዚያች ቅጽበት ከጠላት ሠራዊት ይልቅ እሱን ጠላሁት። ሁለት መቶ ማለት ለእኔ ምንድን ነው? አንድ ፊት ነበር የሚታየኝ፣ ሌላው ደግሞ አይቼው የማላውቀው ፊት።

ዋና ጸሐፊው በዚህ መሃል ድምፁ ተመለሰለት። "ቢያንስ... 'ንጹሐን ሰዎች' አይባልም?"

"ንጹሕ ያልሆነ ከተገኘ ይፍረስበት ለማለት ነው?"

አማቼ ዐይኑን ከመነጽሩ ሳያነሳ ሳቀ። ዋና ጸሐፊው አልሳቀም። ወረቀቷን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበባት፤ የራሱን መቶ ሰባ ቃል በሌላ እጁ ይዟል። "ማዕረግ የለውም" አለ ቀስ ብሎ። "በራሴ ደንብ ይኼ የጠላት ቃል ነው።" ከዚያ ደመናውን አየ፤ ጠርዙ መብራት ጀምሯል። "ይላክ። ተጠያቂው እኔ ነኝ።"

ሲጀመር እንዳልኩት ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ቃል ለማለት ምን ያህል እንደከበደው የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው።

ፀሐይዋ ወጣች። መታሁ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስጨርስ እጄን ከመዝጊያው ላይ ማንሳት አቃተኝ። ከጀርባችን ፀሐይዋ ወርዳ የእኛው ተራራ ጥላ ሜዳውን እየበላ ወደ ድልድዩ ይሮጣል። ጥላው የእነሱ ጉብታ ላይ ሲደርስ መስታወታቸው ይታወራል፤ ለእነሱ ፀሐይ የጠለቀችው ያኔ ነው።

"መለሱ!" አለ አማቼ። "ማዕረጉ... የት አለ? ማን ጻፈው?"

ያው የፈራነው መጣ።

"ስሜን ላክ" አለኝ ዋና ጸሐፊው። "ሙሉ ስሜን።"

"ስምዎን ጠላትም ያውቀዋል" አለ ጋሼ ቁንጣሪ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ሲጋባ አየሁት። ማንስ ምን ብሎ ያረጋግጥ? ማኅተም በብርሃን አይላክም። የእጅ ጽሑፍ በመስታወት አይታይም። ጥላው ግን እየሮጠ ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ... ሌላ ይልካሉ" አለ አማቼ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀማቸው። "ሻለቃው ነኝ። አጻጻፉ... የሽማግሌውን ይመስላል። እሱ ከሆነ... ለእኔ የጻፈውን... ይንገረኝ።"

ዞር ብለን ሁላችንም ጋሼ ቁንጣሪን አየነው። በዚያ ርቀት፣ ከአቅርቦ ማያ መነጽር ማዶ፣ ፊትም ድምፅም በሌለበት፣ አንድ ሰው በአሥራ አንድ ቃል ታውቋል! ለዚህ ጉዳይ ብለው ማዕረግ ሲያጠኑ የከረሙ ጸሐፊዎች ቤተ መንግሥቱን ሞልተውታል። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሹመትና ሽልማት ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ያንን የሚያህል ግን አላየሁም።

ሽማግሌው ወደ መስታወቱ ተጠጋ። "ላክ" አለኝ። "በሩን ክፍት ተዉት አሉ።"

"ምን?"

"በሩን ክፍት ተዉት አሉ። እንዳለ ላከው፣ ትርፍ ነገር አትጨምር።"

አልገባኝም፤ ላክሁት። አራት ቃል። ጥላው ወደ ጉብታቸው ሲጠጋ በባዶ ዐይኔ ይታየኛል። መልስ የለም። አማቼ መነጽሩን የጨበጠበት ጣት ነጥቷል። መልስ የለም። በልቤ ሚስቴን ጠራኋት፤ አፍ አውጥቼ ጠርቻት እንደሆነም አላውቅም።

አንድ ብልጭታ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ።

"ገባኝ" አለ አማቼ። "ገባኝ። እጠብቃለሁ።" ከዚያ ጉብታው ጠቆረ።

ቁጭ አልኩ። ጋሼ ቁንጣሪም ከጎኔ ተቀመጠና ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ሻለቃው ገና መቶ አለቃ ሆኖ ከድንበር ሳለ እናቱ እዚህ ከተማ ዐረፉ። መርዶውን እንዲጽፍ የታዘዘው ጋሼ ቁንጣሪ ነበር። እንዴት እንደሞቱ ለማወቅ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያስታመመቻቸውን ሴት ጠየቀ። ተመልሶ አራት ገጽ የማጽናኛ ቃል ጻፈ። ከዚያ ሰረዘ። በሦስተኛው ቀን የቀረው ይህ ብቻ ነበር፦ "እናትዎ ሐሙስ ጠዋት ዐረፉ። አልተሠቃዩም። ልጄ ይመጣልና በሩን ክፍት ተዉት አሉ።"

"አራቱን ገጽ ልኬለት ቢሆን ዛሬ አንዷንም አያስታውሳትም ነበር" አለ። ጉራ አልነበረበትም፤ እንጨት ሠሪ ስለ እንጨት እንደሚናገረው ነበር የተናገረው።

ዋና ጸሐፊው ይህን ሁሉ እየሰማ የመልእክት መዝገቡን ያገላብጥ ነበር። በመጨረሻው ብርሃን አንድ ገጽ ላይ ቆመ። ከሁለት ቀን በፊት ድልድዩ ይፍረስ ተብሎ በፈረሰኛ የተላከው የራሱ ትእዛዝ ነው። ጣቱን እያስኬደ ወርዶ፣ ወርዶ፣ አንድ ቦታ ላይ አቆመ።

"ጽፌው ነበር" አለ። "ይኸው። 'ሕዝቡ ሙሉ በሙሉ መሻገሩ በተገቢው መንገድ እስከተረጋገጠ ድረስ' ይላል። ጽፌው ነበር እኮ!"

ቃሏ ከአርባ መስመር ውስጥ ሃያ ስድስተኛው ላይ፣ በሁለት የምስጋና ሐረግ መሃል ተቀብራ ነበር።

"ጽፈውታል" አለ ጋሼ ቁንጣሪ በለሆሳስ። "አንባቢው ነው ያልደረሰበት።"

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ በቀል ፈለግኩ፤ ሃያ ዓመት የተገፋ ሰው ነውና ቢኖርበት አልፈርድበትም ነበር። አላገኘሁም። ዋና ጸሐፊው መዝገቡን ዘጋና ኮቱን አውልቆ ሽማግሌው ትከሻ ላይ ጣል አደረገለት፤ ግንቡ ላይ ነፋሱ መጥቶ ነበር። ከዚያ ከእኛው ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። በዚያች ሌሊት ከግንቡ የወረደ አልነበረም።

ፍንዳታውን የሰማነው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ከመሬት ሥር የመጣ የሚመስል አንድ ወፍራም ድምፅ። ድልድዩ ሄደ። ሰዎቹ ተሻግረው ነው? ወይስ ጠላት ቀድሞ ደርሶ ሻለቃው ተገድዶ? አማቼ "ሦስት ሰዓት ብለዋል፣ አራት አልፏል፣ ተሻግረዋል" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያንኑ አለ። እስኪነጋ ስንቴ እንዳለው አልቆጠርኩም።

ፀሐይዋ በምሥራቅ ብቅ ስትል መስታወታቸው ቶሎ አልበራም። አማቼ መነጽሩ ላይ ተተክሏል። እኔ ማየት ስላልቻልኩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምኩ።

"ጀመሩ" አለ። "ሁለት መቶ አራት ተሻገሩ። ድልድዩ ፈርሷል። ሰው አልጎደለም።"

ሻለቃውም ማዕረጉን ትቶታል፤ ሰላምታ የለ፣ ጤንነት የለ። ዋና ጸሐፊው ራሱ እርሳስ ይዞ በመዝገቡ ገለበጠው። አንዲት ነገር አልጨመረበትም።

"አላለቀም" አለ አማቼ። "ሌላ አለ... ለአሥር አለቃ ጥቅሻ። ከሚስቱ።"

በመስታወት የግል ጉዳይ መላክ ክልክል ነው፤ በእስር ያስቀጣል። ዋና ጸሐፊውን አየሁት። እሱ ሌላ ነገር እንደሚያይ ሆኖ አንገቱን ወደ ከተማው አዞረ።

አማቼ የእህቱን ቃል እየለቀመ ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩት።

"ልጁ ተኝቷል። አንተን ይመስላል። እግሬ ተላልጧል እንጂ ደህና ነኝ። ብላ።"

ሳነበው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ አልደበቅኩትም። ጋሼ ቁንጣሪ ወረቀቷን ከእጄ ወሰዳት። ከልማድ ይመስለኛል፣ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ በቀዩ ጫፍ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀመረ። እርሳሱ ወረቀቱን ሳይነካ መስመሮቹን ተከትሎ ሄደ፣ ሄደ፣ የመጨረሻዋ ላይ ደረሰ። ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያ እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰው።

"የሚወጣ የለውም" አለ። እንደሚያፍር ሰው ፈገግ አለ። "ማን አስተማራት?"

አማቼ ከኮሮጆው የደረቀ ዳቦ አውጥቶ ገመሰና ግማሹን ሰጠኝ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመስኩ መሆኔን ያስታወስኩት ያኔ ነው። እሷ ግን ከዚያ ማዶ፣ በተላላጠ እግሯ ቆማ፣ አውቃዋለች።

በላሁ።